የፀሐይ መኪናና የታምራት ሽማግሌዎች

እናንተዬ፣ ሰማይ ማየት እንደ ሱስ ይይዛል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔን ይዞኝ ነበር። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ፣ ፊቴን ሳልታጠብ በር ከፍቼ ወደ እንጦጦ አንጋጥጣለሁ። ከተራራው ጀርባ ደመና ብቅ ያለ እንደሆነ ቁርስ አይወርድልኝም። ቢሮ ተቀምጬም ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነው። አለቃዬ አንድ ቀን ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ጌታ የሚመጣበትን ሰዓት ለብቻህ ነግረውሃል እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? መኪናዬ ቤት ቆማ ፀሐይ እየጠባች ነው፣ ደመና መጣባት ልበለው?

ነገሩ የጀመረው በቤንዚን ሰልፍ ነው። ያን ጊዜ ቤንዚን እንደ ጥሩ ዘመድ ነበር፤ ስትፈልጉት አይገኝም። ማደያ በር ላይ ተሰልፈን ስንውል ከፊቴ ካለው ሰውዬ ጋር ከመግባባታችን የተነሳ ልጁን ክርስትና እንዳነሳለት ጠይቆኝ ነበር። መብራቱም ያው ነው። ቴሌቪዥኑ ለጎረቤት አገር ኤሌክትሪክ ልንሸጥ እንደሆነ አብስሮን ሳይጨርስ ድርግም ይላል። ዜናውን እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው በሰፈራችን በቀበና አላውቅም።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው መኪናዋን ያገኘኋት። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ ሸጠልኝ። ሃይብሪድ ይሏታል። ሁለት ሆድ አላት። አንደኛው ቤንዚን ይጠጣል፣ ሁለተኛው እንደ ስልክ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ኤሌክትሪክ ይሞላል። ኤሌክትሪኩ ሲያልቅባት ወደ ቤንዚኑ ትዞራለች። አስተዋይ ሰው ቢሆን ሁለቱንም ሆዷን ይሞላላት ነበር። እኔ ግን ጣሪያዬ ላይ ሶላር አስተከልሁና፣ ከእንግዲህ ማደያ በር ከቆምሁ ምን አለ በሉኝ ብዬ ፎከርሁ። ቢሮ ውስጥ ስለ ነዳጅ ወሬ ሲነሳ ጉሮሮዬን እጠርግና፣ «እኔ እንኳ ከፈጣሪ በቀጥታ ነው የምቀዳው» እላለሁ። ሰው ሁሉ ይጠላኝ ጀመር።

ሶላሩ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን የታሰበ ነበር። ፀሐይዋ ሶላሩን ትመታለች፣ ሶላሩ ሳሎን ጥግ የተደረደሩትን ባትሪዎች ይሞላል፣ ባትሪዎቹ ደግሞ በተራቸው መኪናዋን ይሞላሉ። ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበል እንደ ዕርዳታ እህል በየመንገዱ እየጎደለ ነው የሚደርሰው። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ስልኩንና ሽቦውን ይዞ ይመጣል። በአንድ ለአምስት ተደራጅተው የመጡ ነው የሚመስሉት። እምቢ አይባል፣ ጎረቤት ነው። መኪናዬ የቀበናን ድልድይ የምትሻገርበት ጉልበት በሰፈሩ ሰው ጆሮ ወሬ ሆኖ ያልቃል።

«ድሮ ቤንዚን ስትሰለፍ ቢያንስ ሰው ታገኝ ነበር» አለችኝ ባለቤቴ መሠረት። «አሁን ከደመና ጋር ብቻህን ታወራለህ።»

እንዲህ እየተቁነጠነጥን ሳለን ነው የመሠረት ታናሽ ወንድም ታምራት ላግባ ብሎ የተነሣው። ታምራት ከእኛ ጋር የሚኖር፣ ጨዋ፣ ቀጭን፣ እንቅልፍ የሚወድ ልጅ ነው። ሾላ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሊዲያ ከምትባል ልጅ ጋር ተዋወቀ። ሰልፍ በዚያ ዘመን ስንቱን አጋብቷል መሰላችሁ። ሊዲያ ወዳዋለች፣ እናቷም ሰምተው ዝም ብለዋል፤ ችግሩ አባቷ ናቸው። አቶ ደበበ ይባላሉ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ቤታቸው ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ እንጦጦ ግርጌ ነው። ማናችንም ዓይተናቸው አናውቅም። ዝናቸው ግን ከእሳቸው ቀድሞ ወርዷል።

«ለታላቅ እህቷ የመጡትን ሽማግሌዎች ዘግይታችኋል ብለው ከበር መልሰዋቸዋል» አለ ታምራት፤ ጆሮው ቀልቶ። ሲፈራም ሲዋሽም ጆሮው ይቀላል። «እህቷ እስካሁን አላገባችም።»

«እነዚያ በታክሲ ሄደው ነው» አልሁ እኔ። «እኛ በራሳችን መኪና ነው የምንሄደው።»

መሠረት አየችኝ። ያን አስተያየቷን ተረድቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር።

ሽማግሌ መረጥን። አንደኛው አቶ ጫፎ ናቸው፤ የወላይታ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ እንደ ዋርካ የገዘፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ በሕይወታቸው ውሸት የሚባል ነገር ከአፋቸው ያልወጣ። ሁለተኛው ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚነግዱት ጋሽ ሙህዲን ናቸው። እሳቸው ደግሞ ማንንም ሰው የፈለጉትን ነገር የሚያሳምኑ አንደበተ ርቱዕ ናቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። የእኔ ሽምግልና መኪና ስላለኝ ነው።

ቀኑ ለቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ተቆረጠ። ሚያዝያ ነው፣ ደመናው መጣሁ ቀረሁ ይላል። እኔ ከሰኞ ጀምሮ መኪናዋን አላንቀሳቅስም ብዬ በእግሬ ሄጃለሁ። ዐርብ ከሥራ ስመለስ ሙሉ ሆና አገኛታለሁ ብዬ በር ስከፍት፣ ሳሎኑ በእንፋሎት ተሞልቷል። ታምራት ካውያ ይዞ ቆሟል። ካውያው የተሰካው የት ነው? የእኔ ባትሪ ላይ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልሁት፤ ድምፄ እንደ ሴት ልጅ ድምፅ ቀጥኖ።

«የሽማግሌዎቹን ኮት እየተኮስኩ ነው ጋሼ። ተጨማደው ቢሄዱ አቶ ደበበ ምን ይላሉ? የአቶ ጫፎ ኮት ትልቅ ስለሆነ ነው እንጂ እስካሁን ጨርሼ ነበር።»

ካውያ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚበላ የማታውቁ ካላችሁ፣ እንኳን አላወቃችሁ። የአቶ ጫፎ ኮት ብቻውን አንድ ኮረብታ በልቷል። ሮጬ መኪናዋን ከፍቼ ሳይ ከግማሽ በታች ናት። ታምራትን ልቆጣው ዞር ስል፣ የራሱን ሱሪ ደግሞ መተኮስ ጀምሯል።

«አንተ እኮ አትሄድም!»

«ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም» አለ። እውነቱን ነው። ሁላችንም መቀመጥ አልቻልንም።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቁሮ ተነሣ። ቤንዚን ልግዛ? ለአፍታ አሰብሁ። ነገር ግን ማደያው በር ላይ የቢሮዬ ሰዎች ተሰልፈው ቢያዩኝስ? ከፈጣሪ የሚቀዳው ሰውዬ ጀሪካን ይዞ? ደግሞም ሰልፉ እስከ ምሳ አያልቅም። የተዋረደ ሰው ሆኜ ከምዘገይ ኩሩ ሆኜ እጸልያለሁ አልሁ። ቤንዚን ያለበት ሆዷ ሽታ ብቻ ነው የቀረው።

ሽማግሌዎቹ ካውያ በተኮሰው ክብራቸው አምረው መጡ። አቶ ጫፎ ከኋላ ሲገቡ መኪናዋ እጅ ነሣች። ጋሽ ሙህዲን ከፊት ተቀመጡና ጠበቁ።

«አስነሣት እንጂ» አሉኝ።

«ተነሥታለች ጋሼ።»

«የታል ድምፅዋ?»

«ድምፅ የላትም።»

መኪናዋ ስትንቀሳቀስ «ቢስሚላህ!» ብለው የበሩን እጀታ ያዙና፣ ማን እየገፋን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ ዞሩ።

መንገዱ ላይ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ያላደረግሁት ነገር የለም። ሬዲዮ የለም። ጋሽ ሙህዲን «እስቲ መስኮቱን ክፈትልኝ» ሲሉኝ፣ «መስኮቱም በኤሌክትሪክ ነው ጋሼ፤ ትንሽ ይታገሡ» አልኋቸው። ከሾላ የሚመለሱ አህዮች መንገዱን ሞልተውት ድምፃችንን ስላልሰሙ አልንቀሳቀስ ሲሉን ክላክስ ለማድረግ ሰሰትሁ። በሬን ከፈት አድርጌ «መጭ! መጭ!» አልሁ። ባለ አህያው ዞር ብሎ ኮት የለበሱትን ሽማግሌዎች፣ ከዚያ እኔን አየ። አህዮቹን ወደ ዳር ነዳልን። ያዘነልን መምሰሉ ነው የከፋኝ።

የቀድሞ ባለቤቷ ፈረንጁ መኪናዋን በራሱ ቋንቋ አስተካክሏት ነው የሄደው። ምን ቋንቋ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ፈረንሳይን እንዳለፍን ዳገቱ ሲጀምር አንዲት ሴት ከውስጧ ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ሙህዲን።

«መንገዱ ያምራል አለች» አልሁ።

ትንሽ ከፍ እንዳልን ደግማ ተናገረች፤ አሁን ጠንከር ብላ። ቀይ መብራት አብራች። ሦስተኛ ጊዜ ስትናገር አቶ ጫፎ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይቺ ሴት መንገዱን እያደነቀች አይደለም። ባለቤቴ ሦስተኛ ጊዜ ስትጠራኝ ድምፅዋ እንዲህ ነው።»

አፋቸውን ሳይዘጉ መኪናዋ ቆመች። ኮብልስቶኑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ በሚወጣበት ቦታ፣ በሁለት አጥር መካከል ቀጥ አለች። ከዚያ ሐሳቧን ቀይራ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬኑን ረገጥሁ። ጋሽ ሙህዲን በዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ዘልለው ወረዱና ድንጋይ ከጎማው ሥር ከተቱ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አልሁ።

«አትጠይቅ» አሉኝ።

ገፋናት። ማለት ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ሲገፏት እኔ መሪ ይዤ ከጎን ገፋሁ። ኮቱ ሁሉ ተጨማደደ፤ ያ ሁሉ ካውያ በከንቱ ቀረ። አንድ ክንድ ያህል ወደ ላይ ስንሄድ ሁለት ክንድ ወደ ታች እንመለሳለን። አቶ ጫፎ ጉልበታቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በእግር እንዳንሄድ እሳቸው ዳገት አይወጡም። ታክሲ ከዳገቱ ሥር አያልፍም። ታምራት ታወሰኝ። ጆሮው ቀልቶ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀን፣ «በመኪናው ምክንያት ዘግይተን ከበር ተመለስን» ስለው፣ መሠረትም ከጀርባው ቆማ ስታየኝ ታየኝ። በእኔ ጉራ የሰው ትዳር ሊፈርስ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው አንድ አሮጌ ፒካፕ ጥቁር ጭሱን እየተፋ፣ እየተንኳኳ፣ ከሥር የወጣው። ከኋላው የለስላሳ ሣጥኖች ተደርድረውበታል። ሹፌሩ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሽበታም፣ ክንደ ብርቱ ሰው ናቸው። አጠገባችን ቆሙ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ቆመችብን» አልሁ።

«ምን ነካት?»

ለመናገር አፈርሁ። «ፀሐይ አለቀባት።»

ሰውዬው ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ሰማዩን አዩ። መኪናዋን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ወርደው ከወንበራቸው ሥር ገመድ አወጡ።

«ወዴት ናችሁ?»

«አቶ ደበበ የሚባሉ ሰው ቤት» አሉ ጋሽ ሙህዲን፤ አቧራቸውን እያራገፉ። «ለሽምግልና ነው። ያውቋቸዋል?»

«አውቃቸዋለሁ» አሉ ሰውዬው ገመዱን እያሰሩ። «በመንገዴ ነው። እናንተ ከእኔ ጋር ግቡ። አንተ እዚያው መሪህን ያዝ።»

ሽማግሌዎቹ ፒካፑ ውስጥ ገቡ፣ እኔ በገመድ ተጎተትሁ። ጭሱ በሙሉ ወደ እኔ ይመጣል። ንጹሕ አየር ለአገሬ አበረክታለሁ እል የነበርሁ ሰውዬ በናፍጣ ጭስ ታጥኜ ዳገት ወጣሁ። ፒካፑን ከኋላ እንዳልገጨው ስለፈራሁ እግሬን ከፍሬኑ ላይ አላነሣሁም። በፒካፑ የኋላ መስታወት ወሬው ሲጧጧፍ ይታየኛል፤ ድምፁ ግን አይሰማኝም። ጋሽ ሙህዲን እጃቸውን እያወራጩ ያስረዳሉ። ሹፌሩ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። አቶ ጫፎ ረጋ ብለው ይመልሳሉ። ጋሽ ሙህዲን የአቶ ጫፎን ክርን ይነካሉ። አቶ ጫፎ መመለሳቸውን አያቆሙም። ምን ቢያወሩ ነው? ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥሁ።

ፒካፑ አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ፊት ቆመና ክላክስ አደረገ። በሩን የከፈተችው ልጅ ሊዲያ ናት፤ ታምራት ፎቶዋን ስላሳየኝ አወቅኋት። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፒካፑ ሮጠች።

«አባዬ! እስካሁን የት ቆየህ? እንግዶቹ ሊመጡ ነው እኮ!»

ጋሽ ሙህዲን ከፒካፑ ሲወርዱ ፊታቸው የራሳቸው ሱቅ እርድ መስሏል። አጠገቤ መጥተው በጆሮዬ፣ «አለቀልን» አሉኝ።

«ምን አላችኋቸው?»

«እኔማ ‹አቶ ደበበ ቁጡ ሰው ናቸው ይባላል፣ እውነት ነው?› አልኋቸው። ‹ከሚባለው ይብሳሉ፤ አብሬያቸው ነው ያደግሁት› አሉኝ። እኔ መቼ ነገሩ ገባኝ! ከዚያ ‹ልጁ ምን ዓይነት ነው?› ብለው ጫፎን ጠየቁ። ጫፎን! ‹እንቅልፍ ይወዳል› አላቸው። ‹መዋሸት አይችልም፤ ሲሞክር ጆሮው ይቀላል። ሥራ ግን አይጠላም፣ እህቱን ያከብራል፣ ልጅቷን ካያት ወዲህ ደግሞ እንቅልፉንም ትቷል› አላቸው። እኔ ክርኑን ብነካው፣ ብነካው…»

ቤት ገብተን በወጉ ቆምን። አቶ ደበበ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ኮት ደርበው፣ መንገድ ላይ ዓይተውን እንደማያውቁ ሰው ፊት ለፊታችን ተቀመጡ።

«ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ።

ጋሽ ሙህዲን ያን ሁሉ አንደበት ይዘው የተጨማደደ ኮታቸውን ማስተካከል ያዙ። የተናገሩት አቶ ጫፎ ናቸው። «ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል። ስለ ልጁ የምንለውን ብለናል። የምንጨምረው የለም።»

አቶ ደበበ ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ። እኔ አንዴ በአንዱ እግሬ፣ አንዴ በሌላው እቆማለሁ።

«ለታላቋ የመጡት» አሉ በመጨረሻ፣ «መዘግየታቸው አልነበረም ያስከፋኝ። ልጁን መልአክ አድርገው ነው የነገሩኝ። ለመልአክ ልጅ አልሰጥም።» ቀጥለውም፣ «ለማንኛውም እናቷን ማማከር አለብኝ። ዛሬ ሂዱ፤ በሌላ ቀን ተመለሱ» አሉ። እሺም አይደለ፣ እምቢም አይደለ። ለስላሳ ተሰጠን፤ ጠጥተን ተነሣን።

ሊሸኙን ሲወጡ መኪናዋን ከፈትኋት። ባትሪዋ ነፍስ ዘርታለች! አላመንሁም። ለካስ እየተጎተትሁ ፍሬን ስረግጥ ጎማዎቹ በዞሩ ቁጥር ኤሌክትሪክ ይገባላት ኖሯል።

«አቶ ደበበ፣ የእርስዎ ናፍጣ መኪናዬን ሞላልኝ» አልሁ።

«ለዚህ ነው ለካ ዝሆን የምጎትት የመሰለኝ።» ወደ ውስጥ ጎንበስ ብለው አዩ። «ፍሬን ስትረግጥ ነው የምትሞላው? ቁልቁለት ላይስ?»

«ቁልቁለት ላይማ ይበልጥ ትሞላለች።»

ዓይናቸው ተለወጠ። «ተነሣ» አሉኝ። «እኔ ልንዳት።»

እንዲህ ሆነና ሦስት ሽማግሌዎች ከልጅቷ አባት ጋር ቁልቁል ወረድን፤ እሳቸው መሪ ይዘው፣ እኔ ከጎን፣ ሁለቱ ከኋላ እንደ ምርኮኛ ተቀምጠው። አቶ ደበበ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን አንዴ መንገዱ ላይ፣ አንዴ ከፍ እያለ ከሚሄደው የባትሪ ምልክት ላይ ያደርጋሉ።

«የዓባይን በረሃ ጭነት ይዤ ስወርድ» አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ፍሬኑ ተቃጥሎ ሽታው ልብሴ ላይ ለቀናት ይቆይ ነበር። ሊዲያ ሕፃን ሆና፣ ‹አባዬ፣ ፍሬን ፍሬን ትሸታለህ› እያለች ታለቅስብኝ ነበር። አንድ ጊዜ ፍሬኑ እምቢ ብሎኝ ከግንብ ጋር ተላትሜ ነው የቆምሁት። በዚያች ደቂቃ የታየችኝ እሷ ናት።» እንደገና ፍሬኑን በእርጋታ ረገጡ። «ያ ሁሉ ጉልበት ዝም ብሎ ጭስ ሆነ።»

የመኪናዋ ሴትዮ በማናውቀው ቋንቋ አንድ ነገር አለች። በዚህ ጊዜ እውነትም መንገዱን ያደነቀች መሰለኝ።

ቀበና ቤቴ በር ላይ ስንደርስ መሠረት ግቢ ውስጥ ቆማ ወደ ላይ ትጮኻለች። ቀና ብንል ታምራት ጣሪያው ላይ ነው። መቀመጥ አቅቶት፣ እኛ እስክንመለስ የሶላሩን አቧራ ልጥረግ ብሎ፣ የተተኮሰ ሱሪውን እንደለበሰ፣ ጨርቅ ይዞ ወጥቷል።

«የእሳቸው ልጅ ይሄ ነው?» አሉ አቶ ደበበ መሠረትን እያዩ።

«ወንድሟ ነው» አሉ አቶ ጫፎ። «ልጅዎን የጠየቅንለት ይሄው ነው።»

ታምራት ከመኪናዬ መሪ ኋላ ማን እንደወረደ አየ። ሊዲያ በፎቶ አሳይታው ኖሮ ወዲያው አወቃቸው። ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። ጆሮው ከዚያ ርቀት ቀልቶ ይታያል። ለመውረድ መሰላሉን በእግሩ ሲፈልግ መሰላሉ ተንሸራተተ። መሠረት ጮኸች። እኔ ሮጥሁ፤ የደረሱት ግን አቶ ደበበ ናቸው። መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ግድግዳው ላይ መልሰው አስደገፉት።

«ቀስ ብለህ ውረድ!» ብለው ጮኹ ወደ ላይ። «እግሩ የተሰበረ ሙሽራ አልፈልግም!»



«ሙሽራ አሉ እንዴ?» አሉ አቶ ጫፎ።

«ዝም በል» አሉ ጋሽ ሙህዲን በሹክሹክታ፣ «ያሉትን እንዳያስታውሱ።»

ታምራት ግን ሰምቷል። መሰላሉ መሃል ላይ ደርሶ ነበር፤ «ሙሽራ» መባሉን ሲሰማ የሚረግጠው ቦታ ጠፋው፤ የቀረውን ሳይረግጠው ወረደ። አቶ ደበበ ተቀበሉት።